ሲሼልስን በእግርና በዋና፦ ጉዞውን ከነፋሱ ጀምሮ ማቀድ

ወደ ሲሼልስ ለመሄድ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሆቴል ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ይመስለኛል። በእነዚህ ደሴቶች የትኛው የባሕር ዳርቻ እንደሚዋኝበት፣ የትኛው የጀልባ ጉዞ ሆድ እንደሚያገላብጥና የትኛው የተራራ መንገድ ጭቃ እንደሚሆን የሚወስነው ነፋሱ ስለሆነ፣ ዕቅዱም መጀመር ያለበት ከነፋሱ ነው።

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። አገራችን በክረምት በምትርስበት በዚያ ወቅት እነርሱ ዘንድ ዝናቡ ቀነስ፣ ሙቀቱም በረድ ይላል፤ ለተራራ የሚመች ጊዜ ነው። ባሕሩ ግን በደቡብና በምሥራቅ በኩል ይናወጣል፤ የባሕር ሣርም እየተገፋ ወደ አሸዋው ይወጣል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ወበቁና ዝናቡ ይበረታል፤ በተለይ ታኅሣሥና ጥር ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። በሁለቱ መካከል፣ ነፋሱ አቅጣጫውን በሚቀይርባቸው በጥቅምትና በሚያዝያ፣ ባሕሩ ረጋ ይላል፤ ውሃውም ጠርቶ እስከ ታች ያሳያል። ፋሲካ ብዙ ጊዜ በሚያዝያ መዋሉ የዓመት ፈቃዱን ከበዓሉ ጋር ማያያዝ ለሚፈልግ ሠራተኛ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በሌላ ወቅት የሚሄድ ሰው ደግሞ ማረፊያውን ከነፋሱ በተቃራኒ ይምረጥ፦ በክረምት ወራት በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን ቦ ቫሎንን፣ በበጋው ወራት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለውን አንስ ሩዋያልን። በየስፍራው ስም ፊት የሚመጣው «አንስ» የሚለው ቃል ወደ ውስጥ ገባ ያለ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው።

ወሩ ከተቆረጠ በኋላ ሰነዶቹ ብዙ አያስቸግሩም። ሲሼልስ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ሲሆን፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የተረጋገጠ ማረፊያና ለቆይታው የሚበቃ ገንዘብ መኖሩ ይታያል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ያስፈልገዋል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ ለመጨረሻው ሳምንት መተው አይገባም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ተነሥተው አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀናት ዘመድ ጠይቀው የሚቀጥሉ ወገኖችም ይኸው ደንብ እንደሚመለከታቸው ይወቁ። ስሙ አያደናግርዎት እንጂ፣ እኛ በተለምዶ ወባ የምንለው በሽታ በደሴቶቹ ላይ የለም።

ሲሼልስ 115 ያህል ደሴቶች ቢኖሯትም ለመጀመሪያ ጉዞ የሚበቁት ሦስቱ ናቸው፦ አውሮፕላን ማረፊያውና ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ የሚገኙባት ማሄ፣ ፕራሊን እና ላ ዲግ። ከማሄ ወደ ፕራሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕራሊን ወደ ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዘጠኝ ሌሊት ያለው ሰው ሦስቱን በማሄ፣ ሦስቱን በላ ዲግ፣ ሁለቱን በፕራሊን አድርጎ የቀረችውን አንዷን ሌሊት ለማሄ መልሶ ቢያቆይ መልካም ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ። የጀልባውን ትኬት ሲቆርጡ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያስቡ፤ ሲሼልስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ አቆጣጠራቸውም እንደ ፈረንጆቹ ነው። ትኬቱ ላይ 10፡30 የሚል ካለ በእነርሱ አገር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ የእጅ ሰዓትዎ ገና በአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ ግን ጀልባው የሚነሣው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ነው።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። የደሴቶቹ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ሞርን ሴሼሉዋ 905 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልዶ ላደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ቁጥር ቀልድ ይመስለዋል። ወበቁ ግን አይቀልድም። አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላብ ከገላ ላይ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ እንጦጦን ሳያርፍ የሚወጣ ሰው እዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሸሚዙን ሊጨምቅ ይችላል። መድኃኒቱ ማለዳ መነሣት ነው። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ላይ መንገድ የጀመረ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ ወርዶ ቀሪውን ቀን ለባሕር ያውለዋል። በመንገዶቹ ላይ ውሃ የሚሸጥ ሰው ስለማይገኝ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር መያዝ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጠው ኮፖሊያን ነው። መንገዱ የሚነሣው ቪክቶሪያን ከምዕራቡ ዳርቻ ጋር ከሚያገናኘው የሳን ሱሲ የተራራ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የመግቢያ ክፍያ ተከፍሎበት፣ በዱር ቀረፋ ዛፎች መካከል አልፎ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ 500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ወዳለ ሰፊ የግራናይት አለት ያደርሳል። በአለቱ ላይ ቅጠሉ ውሃ የያዘ ትንሽ እንስራ የሚመስል፣ ነፍሳት በል የሆነ ተክል ይታያል፤ ዝርያው በተፈጥሮ የሚበቅለው በሲሼልስ ብቻ ስለሆነ መንካትም ሆነ መቅጠፍ አይገባም። ዝናብ ከጣለ ግን ጉዞውን ያሳድሩት፤ እርጥብ ግራናይት ላይ ጥሩ ጫማም አያድንም። የጠነከረ ሰው በማግስቱ በዚያው አካባቢ ወዳለው 667 ሜትር ከፍታ ወዳለው ሞርን ብላን ሊወጣ ይችላል፤ መንገዱ ከኮፖሊያ ይልቅ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ሞርን ሴሼሉዋን ራሱን ያለ መሪ መሞከር ግን ድፍረት ሳይሆን ግድየለሽነት ነው።

ሳን ሱሲን የሚያልፍ ሰው ለታሪክም ጥቂት ደቂቃ ቢሰጥ አይጎዳም። እንግሊዞች ያስቸገራቸውን መሪ ወደ ሲሼልስ የማጋዝ ልማድ ነበራቸው፤ በዛሬዋ ጋና የነበረው የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ ፕሬምፔ ከ1900 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. በማሄ ተግዘው ኖረዋል፤ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በ1956 እ.ኤ.አ. መጥተው የተቀመጡት በዚሁ በሳን ሱሲ ነበር። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ከባሪያ መርከቦች ነፃ ለወጡ አፍሪካውያን ልጆች በ1876 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ትምህርት ቤት ፍርስራሽ አለ፤ ከዚያ ሆኖ ምዕራቡን ዳርቻ ቁልቁል ማየት ይቻላል።

ተራራና ባሕርን በአንድ ቀን ለማጣመር ከማሄ መንገዶች የሚመቸው ወደ አንስ ማዦር የሚወስደው ነው። ከቦ ቫሎን አለፍ ብሎ ከዳንዚል ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ጥላው ጥቂት በመሆኑ ባርኔጣ የግድ ነው። ወደ መነሻው በአውቶቡስ መድረስ ርካሽ ሲሆን፣ መውረድ የሚፈልግ ተሳፋሪ እኛ «ወራጅ አለ» እንደምንለው «ዴቫን» ብሎ ይጣራል። ትልቅ ሻንጣ ይዞ በአውቶቡስ መሳፈር ግን አይፈቀድም። መኪና የሚከራይ ሰው አገሩ በግራ በኩል የሚነዳበት መሆኑንና የተራራ መንገዶቹ ጠባብ፣ በብዙ ስፍራ መከለያ የሌላቸው መሆናቸውን አስቀድሞ ይወቅ።

በላ ዲግ መኪና ጥቂት ነው፤ ሰው የሚጓዘው በብስክሌት ነው። በብስክሌት እስከ ግራንድ አንስ ሄዶ፣ ከዚያ በእግር በፔቲት አንስ በኩል እስከ አንስ ኮኮ መዝለቅ፣ እኔ እንደምፈርደው፣ ከጉዞው ሁሉ የላቀው ቀን ነው። የደሴቲቱ ጫፍ ኒ ዴግል 333 ሜትር ነው፤ የፀሐይን መጥለቅ ለማየት የሚወጡ አሉ፣ ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጨለማው በድንገት ስለሚወድቅ የግንባር ባትሪ ሳይዙ አይሞክሩት።

ስለ ባሕሩ ረዘም አድርጌ መጻፍ ያለብኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደገኛ ተጓዥ እግሩ ጠንካራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ዋናተኛ አይደለም። ግራንድ አንስ እጅግ ያማረ፣ እጅግም አደገኛ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻው የሚገፋው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበትን ጠባብ መንገድ ይፈልጋል፤ በዚያች መንገድ ላይ ማዕበል ስለማይሰበር ላልለመደ ዓይን ረጋ ያለችው፣ ለመዋኘት የምታስመኘው ስፍራ እርሷ ሆና ትታያለች። ሰውን ወደ ጥልቁ የምትወስደውም እርሷው ናት። የተወሰደ ሰው ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት ከታገለ ይደክማል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከፍሰቱ ከወጣ በኋላ ወደ አሸዋው መመለስ አለበት። ዋና የማይችል ሰው በግራንድ አንስ እግሩን ብቻ ያርጥብ። ለእርሱ የሚሆነው አንስ ሱርስ ዳርዣን ነው፤ ከውሃው በታች ያለው የኮራል አለት ማዕበሉን ከሩቅ ስለሚያስቆመው ውሃው ጥልቀት የለውም፤ በታላላቅ የግራናይት አለቶች መካከል እየተረማመዱ ወደ ደቡብ መቀጠል ይቻላል። ወደ ስፍራው የሚገባው በክፍያ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ማስታወስ ይገባል፤ ሲጎድል በእግር የታለፈ አለት ሲሞላ መመለሻ ያሳጣልና፣ የዕለቱን የሙላት ሰዓት ከማረፊያዎ ይጠይቁ። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ የዋና ትምህርት መጀመር ከማንኛውም ውድ ጫማ የበለጠ ይጠቅማል።

በፕራሊን ሁለት ነገር አይለፍዎት። አንደኛው ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቫሌ ደ ሜ ደን ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ዘሮች ሁሉ ትልቁን የሚያፈራው የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ በብዛት የሚገኝበት ነው። ሁለተኛው በጀልባ የሚደረስባት ኩሪዩዝ ናት፤ ግዙፎቹ ኤሊዎች በሰው መካከል እየተንቀሳቀሱ ይታያሉ፤ ከዚያም በጨዋማ ውሃ ዳር በሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች መካከል ደሴቲቱን ተሻግሮ በእግር መሄድ ይቻላል።

ድንኳን ይዤ ወጪ እቀንሳለሁ የሚል ካለ ሐሳቡን ይተው፤ በሲሼልስ በድንኳን ማደር የተከለከለ ነው። ወጪ የሚቀነሰው ማብሰያ ያለው የእንግዳ ማረፊያ በመያዝና የአገሬው ሰው ምሳውን ከሚገዛባቸው ትንንሽ ቤቶች ሩዝ፣ ምስርና ዓሣ በመግዛት ነው፤ ጾመኛም በምስሩና በሩዙ አይቸገርም። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሌሊት የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ ስለሚጠየቅ በበጀቱ ውስጥ ይግባ። በሻንጣው ውስጥ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ፣ በውሃ ውስጥ የሚደረግ ጫማና የቁስል ማሸጊያ አይጥፉ። በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃና ጭቃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ በደሴቶቹ ስላለ፣ የተቧጨረ እግር ሳይሸፈን ጭቃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎትም የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የመጨረሻዋን ሌሊት በማሄ ማሳለፍ እንደሚገባ ቀደም ብዬ ጠቁሜ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ጀልባው ሊዘገይ ወይም ሊቀር ስለሚችል፣ ከፕራሊን በጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን አውሮፕላን ለመድረስ ማቀድ ትኬትን ለዕድል መስጠት ነው። የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ለመታሰቢያ የገዛ ሰውም የመውጫ ፈቃዱን ከፍሬው ጋር አብሮ ይያዝ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልምና።