በጎልማሳነት ቤዝ ጊታር ለሚጀምሩ፦ ዕቃውን በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንደሚመርጡ

ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ለልምምድ የሚተርፈው ማታ ላይ የምትገኝ ግማሽ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ትከሻ የሚያደክም፣ ክሩን ለመጫን ትግል የሚጠይቅ ቤዝ ማንም አንስቶ አይጫወትም፤ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ይሁን። ስለዚህ ገንዘብዎን ከምንም በፊት ለእጅዎና ለትከሻዎ ምቾት ያውሉት። የድምፅ ጥራት ጉዳይ ሊቆይ ይችላል።

1. ሙሉውን በጀት በቤዙ ላይ አይጨርሱ

ከያዙት ገንዘብ ሩብ ያህሉን ወደ ጎን ያድርጉ። ኬብል፣ ማንጠልጠያ፣ ማስቀመጫ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ትንሽ አምፕሊፋየርና ከሁሉም በላይ የባለሙያ ማስተካከያ ክፍያ ከዚያ ይወጣል። መቃኛና ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ግን በስልክዎ ላይ በነፃ ያገኛሉ።

2. ባለ አራት ክር ይምረጡ

የተለመደው ቤዝ አራት ክር አለው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። የጊታር አራት ወፍራም ክሮች በአንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደገና እስከሚገኝበት ርቀት) ዝቅ ብለው ማለት ነው። ባለ አምስት ክሩ ከዚህ በታች ቢ የሚባል ክር ይጨምራል። አንገቱ ይሰፋል፣ ሌላውን ሲመቱ በእጅዎ ዝም ማሰኘት ያለብዎት ክርም አንድ ይጨምራል፤ ያ ወፍራም ክር የሚሰጠውን 31 ኸርዝ ገደማ ድምፅ ደግሞ ትንሽ አምፕሊፋየር በቅጡ አያወጣውም። ለጀማሪ አራቱ ይበቃሉ።

3. ልኩን በራስዎ ሰውነት ላይ ይፈትኑ

ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ጊዜ ይስጡት። የመደበኛ ቤዝ የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጭሩ ዓይነት 30 ኢንች ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በአጭሩ ላይ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ይቀራረባሉ፣ ክሩም ይላላል፤ እጁ ትንሽ ለሆነ፣ ጣቱ ለደነደነ ወይም የእጅ አንጓው ለሚያመው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አንዳንድ ሻጭ «የልጆች ነው» ቢልዎት አይስሙት። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የገዛው ቫዮሊን የሚመስል ሆፍነር ቤዝ አጭር ነበር፤ ዓለም የሰማውም በዚያ ነው።

የአንገቱ ስፋትም ይለያያል። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ አብዛኞቹ ቤዞች ፌንደር ከተባለው የአሜሪካ ጊታር አምራች ሁለት ሥራዎች የተቀዱ ናቸው፦ በ1951 ከወጣው ፕሪሲዥንና በ1960 ከወጣው ጃዝ ቤዝ። ክሩ በሚቃኝበት በኩል ባለው ጫፍ የፕሪሲዥን አንገት ብዙውን ጊዜ ከ41 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የጃዙ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ ግራ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሁለቱንም ይዘው ይሞክሩ።

ሲሞክሩ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ቀጥሎ በማንጠልጠያ ቆመው ይያዙት። ግራ እጅዎን ከአንገቱ ላይ ያንሱ። አንገቱ ወደ መሬት የሚያዘነብል ከሆነ ልምምድ ላይ ሁሉ ያ ክብደት በግራ እጅዎ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሌላ ይሞክሩ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ፍሬት ይዘርጉና አንጓዎ በጣም እንደማይታጠፍ ያረጋግጡ። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ጀርባ የሚያመው ሰው ከዚህም የቀለለ ይፈልግ።

4. አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ከአዲሶቹ መካከል የስኳየር፣ የያማሃና የኢባኔዝ የጀማሪ ሞዴሎች ለዓመታት ያገለግላሉ። ያገለገለ ከገዙ በተመሳሳይ ገንዘብ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዕቃ ያገኛሉ፤ መመርመር ግን የግድ ነው። አንገቱን ከጫፍ ሆነው በአንድ ዓይን ይመልከቱ፦ በጣም ትንሽ ጎበጥ ማለቱ ጤናማ ነው፣ መጠምዘዝ ግን አይደለም። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱ፤ የሚታፈን ወይም የሚንጣጣ ቦታ ካለ ልብ ይበሉ። አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቹን ሁሉ ያዙሩ፤ ኬብሉ የሚሰካበትንም ነካ ነካ ያድርጉ።

የቁልፍ መንጣጣት ብዙውን ጊዜ በጽዳት ወይም በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። የተጫረ ቀለምም ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ጉዳት አይደለም። አንገቱ የተጠመዘዘ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን በምንም ዋጋ አይግዙት።

«አክቲቭ» የተባለው ዓይነት ውስጡ ባትሪ አለው፣ በብዛት ባለ 9 ቮልት። ተጫውተው ሲጨርሱ ኬብሉን ካልነቀሉ ባትሪው ያልቃል። «ፓሲቭ» ያለ ባትሪ ይሠራል፤ ለመጀመሪያ እሱ ይቀላል።

5. ለባለሙያ ሰጥተው ያስተካክሉት

አዲስም ቢሆን ይህን አይዝለሉ፤ ርካሽ ቤዝን በእጅ ላይ ውድ የሚያደርገው ይህ ነውና። ከፋብሪካ የሚመጣ ቤዝ ክሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣ። ጀማሪው ጣቱ ሲያመው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም በዚህ ሳቢያ ነው።

ባለሙያው በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አስተካክሎ ክሩን ዝቅ ያደርጋል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ለአብዛኛው ሰው ምቹ ነው። ባዶው ክርና በ12ኛው ፍሬት ተጭነው የሚመቱት ድምፅ በትክክል አንድ ኦክታቭ መራራቃቸውንም ይፈትሻል። ዘንጉን ራስዎ መንካት ካማረዎት በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አያሳልፉ፤ ካልዞረልዎትም አያስገድዱት።

እግረ መንገዱን ክሩን ያስቀይሩ። የተለመደው ውፍረት ከቀጭኑ ክር እስከ ወፍራሙ ከ45 እስከ 105 ይባላል፣ በሺህኛ ኢንች ነው። ከ40 እስከ 95 ያለው ለጣት ይለሰልሳል። ላዩ ጠፍጣፋ የሆነ «ፍላትዋውንድ» ክር አለ፤ በዋጋ ይበልጣል፣ ግን ጣት አይፍቅም፣ ሲንሸራተቱበት አይጮህም፣ ለዓመታትም ይቆያል። ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ሥራዎች ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን እንዲህ ያሉ ክሮችን እስኪበጠሱ ድረስ አይቀይርም ነበር።

6. ድምፅ መስሚያ

ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ለሚለማመድ ሰው ትልቅ አምፕሊፋየር አያስፈልግም። ቤዙ ላይ በቀጥታ የሚሰካ፣ የጆሮ ማዳመጫና ከስልክ ሙዚቃ ማስገቢያ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይበቃዎታል። ኮምፒውተር ካለዎት የመሣሪያ መሰኪያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ቤዙን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ያንኑ ይሠራል፣ መቅረጽም ያስችልዎታል። የጆሮ ማዳመጫው ጆሮን የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል፤ የኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ የስልክ ስፒከር ጨርሶ አያሰማውም።

ክፍል ውስጥ መስማት ከፈለጉ ከ15 እስከ 40 ዋት፣ 8 ወይም 10 ኢንች ስፒከር ያለው የቤዝ አምፕሊፋየር ይበቃል። ከድራም ጋር ለመጫወት 200 ዋትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ እሱን ያ ቀን ሲመጣ ይግዙ። ቤት ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየር ካለ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይጠቀሙበት። ከፍ ካደረጉት ግን ስፒከሩ ሊበላሽ ይችላል።

ቤዝ፣ አምፕሊፋየርና ማንጠልጠያ አንድ ላይ የታሸገበትን ጥቅል አልመክርም። አምፕሊፋየሩ በአብዛኛው ደካማ፣ ማንጠልጠያውም ቀጭን ነው።

7. ጥቃቅኖቹ

ማንጠልጠያው 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይስፋ፤ ቀጭኑ ትከሻ ይቆርጣል። ኬብሉ 3 ሜትር ቢሆን ለቤት ይበቃል። ማስቀመጫ ይግዙና ቤዙን ከቦርሳው አውጥተው ዓይንዎ በሚያርፍበት ቦታ ያቁሙት፤ ቦርሳ መክፈት እንኳ ለደከመ ሰው ሰበብ ይሆናል። የስልክ መቃኛው የኢን ክር ማንበብ ካቃተው፣ ልክ በ12ኛው ፍሬት አናት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርገው ይምቱ፤ ከፍ ያለው ድምፅ ቶሎ ይነበባል።

ድምፅ የሚቀይር ፔዳልና ለቤዙ ጠንካራ ሳጥን መግዛት ለጊዜው ይቆይ። የማንጠልጠያውን ርዝመት ደግሞ ተቀምጠው ይለኩት፦ ሲቆሙም ቤዙ ተቀምጠው በያዙት ከፍታ ላይ እንዲቀር።