የአባት የጦር ሜዳ ፎቶ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የቆየ ወታደር ያለበት ቤት ከገባችሁ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አይጠፋም። ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ቀጭን ወጣት ኮፍያውን ሰየፍ አድርጎ ጂፕ ተደግፏል። ይህ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ የሚወርደው ለሙት ዓመት ባነር ሲታዘዝ ነው። ያኔ ከቤተሰቡ አንዱ በጥድፊያ የሕይወት ታሪክ ይጽፋል፣ ድንኳን ውስጥ ይነበባል፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያርመው የለም። ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ጂፕ ባዩ ቁጥር "ጣሊያንን ያባረሩባት" ማለት

የጎጃምና የጣና ዙሪያ አርበኞች በእግርና በበቅሎ ነው የተዋጉት። በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት እየተመራ ከሱዳን በጎጃም በኩል የገባው የጌዴዎን ጦር እንኳ ስንቁን የጫነው በግመል ነበር። ግመሎቹም ደጋውን አልቻሉትም፣ በየመንገዱ አለቁ። ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ያፈገፈገው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27። ጂፕስ የት ነበረች? ባንታም የሚባለው ኩባንያ የመጀመሪያዋን ናሙና ለአሜሪካ ጦር ያስረከበው በመስከረም 1933 ነው። ዊሊስና ፎርድ በገፍ ማውጣት የጀመሩት በ1934 ነው። ስለዚህ አያታችሁ አርበኛ ከነበሩና ጂፕ ላይ ከተነሱ፣ ፎቶው ከድሉ በኋላ የመጣ ነው። ይሄ ከአርበኝነታቸው ምንም አይቀንስም።

የፎቶውን ጀርባ በፈረንጅ አቆጣጠር ማንበብ

ጀርባው ላይ "12/5/45" ተጽፏል እንበል። የእህት ልጅ ያያትና "1945! ሁለተኛው የዓለም ጦርነት!" ብሎ ይጽፋል። የጻፉት ሰውዬ ግን ሐበሻ ናቸው። ጥር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፣ በፈረንጅ ጥር 1953። ያ የኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው። ወደዚያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ የኮሪያ ወደብ ፑሳን የደረሰው ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ነው፣ ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945።

ግን ቀኑ ገጠመ ብላችሁ "ኮሪያ ዘመቱ" ብላችሁ እንዳትሮጡ። ቃኘው የተውጣጣው ከክቡር ዘበኛ ነው። አባታችሁ በየትኛው ክፍል እንደነበሩ አጣሩ። ጂፕ እዚህም አገር ቤት ነበረች። በረዶ የለበሰ ጋራ ከኋላ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁሉንም "ዊሊስ" ማለት

ፊቷን ብቻ እዩ። የዓለም ጦርነቷ ጂፕ መብራቶቿ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፣ መካከሉ ላይ ዘጠኝ ቀጥ ያሉ ክፍተቶች አሉ። ክፍተቶቹ ሰባት ሆነው መብራቱ ከወጣ ለሲቪል የተሠራች ልትሆን ትችላለች። ክፍተቶቹ አግድም ከሆኑ ኤም 151 ናት፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣች። አራት በር ኖሯት ሸራ የለበሰች ከሆነች ምናልባት የሶቪየቷ ዋዝ ናት። ዋዝ 469 መመረት የጀመረችው በፈረንጅ 1972 መጨረሻ ነው፣ የሶቪየት መሣሪያ ወደ እኛ በብዛት የገባው ደግሞ በ1969 እና 70 ዓ.ም.። ዋዝ አጠገብ የቆመ ወታደር እንዴት ብሎ ኮሪያ ይዘምታል?

የተደገፋትን ሁሉ ሾፌር ማድረግ

ጂፕ ላይ መነሳት ያኔ ወግ ነበር። ተራ በተራ እየወጡ መሪ ይይዛሉ። እግረኛው ሲሄድ የሚውለው በእግሩ ነው።

ስለ ተኩስ ብቻ መጠየቅ

ሽምብጥ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ አሉ፣ የኦጋዴን ዘማች። ልጆቻቸው የሚጠይቋቸው ያንኑ ነው፦ "አባባ፣ ስንቱን ጣሉ?" እሳቸው ዝም። እኔ ፎቶውን አውርጄ ከዋዟ ኋላ የታሰረውን ጀሪካን አሳየኋቸው። "ይቺ ምንድን ናት አባባ?" መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀረብ አሏትና፣ "ውሃ ናታ!" አሉ። ከዚያ ወሬው መጣ። ጀሪካኗ 20 ሊትር ናት፣ በኮዳ ክዳን ተለክታ ትታደላለች። ፊት መታጠብ ብሎ ነገር የለም። ኮቾሮው እንደ ድንጋይ ነው፣ ሻይ ካልተገኘ ጥርስ ይሰብራል። ውሃና ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው ሾፌር ከሻለቃው በላይ ይከበራል። ስንቱን ጣሉ የተባለው ጥያቄ ትዝም ያላቸው አይመስለኝም።

ሌላውም አገር እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች የቆርቆሮ ምግባቸውን የሚያሞቁት የጂፕ ሞተር ላይ አስቀምጠው ነበር። ኮፈኑ ካርታ መጫወቻ ነው፣ እሁድ ሲሆን የቄሱ መንበር ነው፣ ደብዳቤ መጻፊያም ነው። በር የላትም፣ የነዳጅ ታንከሩ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። በጦርነት አብዛኛው ቀን መጠበቅ፣ መቆፈር፣ መሸከም ነው። ስለዚህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያበስል፣ ቅማል እንዴት እንደሚገላገሉ፣ ሌሊት ዘብ ላይ እንቅልፍ እንዴት እንደሚያባርሩ ጠይቁ። ከዚያ አታቋርጧቸው።

ፎቶውን "ማሳመር"

በስልክ አፕ ቀለም ስትቀቡት አፑ ያላየውን ከራሱ ይፈጥራል፦ ማዕረጉን ይለውጣል፣ ታርጋውን ያጠፋል፣ የጂፗን ፊት ሌላ ያደርጋል። ዋናውን እንዳለ አስቀምጡ፣ ቀለም የምትቀቡት ቅጂውን ይሁን። ሐይቁ ዳር ስለምንኖር ደግሞ በክረምት እርጥበቱ ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል። አትላጡት፣ ይቀደዳል። ፍላሽ አጥፍታችሁ መስኮት አጠገብ ከነመስታወቱ አንሱት። ላሚኔት የሚሉትን ነገር እርሱት። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ፣ ለስለስ አድርጋችሁ።

እናትን አለመጠየቅ

ሁሉም ወታደሩን ከብቦ ሲያወራ፣ ያን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ የተቀበለችው ሴት ጓዳ ቡና ትቆላለች። በሶውን ማን ፈጨ? ድርቆሹን ማን አደረቀ፣ በማን እጅ ተላከ፣ ስንት ወር ፈጀ? አባት ዓመቱን ይረሳል። እሷ ግን "አንተ የተወለድክ ክረምት ነው" ትላለች፣ ከዚያ ዓመቱን ማውጣት ቀላል ነው። ሣጥኗ ሥር ፖስታ ካለ ማኅተሙ ላይ ቀን አለ። ፖስታውን ከደብዳቤው አትለዩት፣ የአባትየው መለያ ቁጥር ወይም የጡረታ ደብተር የሚታይበትን ፎቶ ደግሞ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።