አዲስ ሥራ ስትጀምሩ የቤቱን ጠባይ እንዴት ታውቃላችሁ?

ጎንደር ውስጥ በሦስት መሥሪያ ቤቶች በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። የሦስቱም ግድግዳ ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት ተለጥፏል። ‹‹ግልጽነት›› የሚለው ቃል ከሦስቱም አልጠፋም። የቤቶቹ ጠባይ ግን ለየቅል ነበር።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ነው ይህን የምጽፈው።

ኤድጋር ሻይን የሚባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፉ አሜሪካዊ ምሁር የድርጅት ባህልን ሦስት ደርብ አድርገው ያዩታል። ላይኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ አለባበሱ፣ የቢሮው አቀማመጥ፣ ማን ለማን ብድግ እንደሚል። መካከለኛው የሚነገረው ነው፤ ያ የግድግዳው ጽሑፍ። ታችኛው ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው፣ ሁሉም ግን የሚኖርበት ነው። እናንተ መድረስ ያለባችሁ እዚያ ነው። እኔ ያገኘሁት መንገድ አንድ ነው፦ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ማየት።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ስሠራ፣ አንድ ማታ ከሽያጩ 400 ብር ጎደለ። ሥራ አስኪያጁ ገና ከበር ‹‹ማን ነው?›› አሉ። የገንዘብ ያዧ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ደረሰኞቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ከኪሷ ከፈለች። ከዚያ ወዲህ ጉድለት የሚናገር ጠፋ። ጥር ላይ ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ፣ አንድ ክፍል ለሁለት የተለያዩ እንግዶች ተይዞ ተገኘ። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ያውቅ ነበር። ዝም አለ። እኔ በሱ አልፈርድም፤ ዝምታን ያስተማረው ቤቱ ነው።

አሁን ያለሁበት ቤት አለቃችን ‹‹እንዴት ሆነ?›› ነው የሚሉት። በሁለተኛው ሳምንቴ የደመወዝ ዝርዝር ላይ የአንድ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ሳልቀንስ አለፍኩ። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። መስመር በመስመር አብረን አየን። ቅጹ ላይ ለመዋጮው ቦታ አልነበረውም። በማግስቱ ቅጹ ተስተካከለ።

እንግዲህ አለቃውን ‹‹የቤቱ ባህል ምን ይመስላል?›› አትበሏቸው። ግድግዳውን ነው የሚያነቡላችሁ። ይልቅ ቡና ላይ ቆዩ። ጥበቃውን ጋሼን፣ ሻይ የሚያፈሉትን እትዬን ‹‹ባለፈው ሰው ሲሳሳት ምን ተደረገ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ፣ መልሱን አገኛችሁ። ስብሰባ ላይ ጸጥ ብሎ ኮሪደር ላይ ሲደርስ አፉ የሚፈታ ሰው ከበዛም ልብ በሉ።

ለቅሶንም እዩ። የአለቃ ዘመድ ሲሞት ሁሉም ይሄዳል። የጽዳት ሠራተኛዋስ? እኛ ቤት የአንዷ እናት አዘዞ ሲያርፉ ቢሮው ተዘጋ። በተከራየነው ሚኒባስ አለቃችን የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው፣ የዳቦውን ጆንያ ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሄዱ።