በጓቲማላ ደጋ ሊያስተምር የሚሄድ ወጣት ሚስዮናዊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ጓቲማላ ምዕራባዊ ደጋ፣ ወደ ኬትሳልቴናንጎ፣ ቶቶኒካፓን፣ ቂቼና ሶሎላ፣ ለማስተማር የሚሄዱ ወጣቶች የዝግጅት ጊዜያቸውን የሚጨርሱት በትምህርት ዕቅድና በስፓኒሽ ግስ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የገጠር መምህር የሚመዘነው ሰሌዳ ፊት ሲቆም ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ሲያጥብ፣ ገበታ ሲቀርብ፣ አውቶቡስ ሲሳፈር፣ ፎቶ ሲያነሳ ሁሉ ይታያል። ክፍል ውስጥ የተበላሸ ትምህርት በማግስቱ ይከለሳል። ግቢ ውስጥ የተበላሸውን ማቃናት ግን ወራት ይፈጃል።

በሴፕቴምበር መድረስ

የጓቲማላ የትምህርት ዘመን ጃንዋሪ ላይ ተጀምሮ ኦክቶበር ላይ ያልቃል። በአሜሪካ ወይም በኢትዮጵያ ልማድ አስቦ ቲኬት የቆረጠ ሰው የሚደርሰው ዓመቱ ሲጠቃለል ነው። የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ የሰልፍ ልምምድ ናቸው። በ14ኛው ቀን ልጆች ችቦ ይዘው ይሮጣሉ፣ በ15ኛው የ1821ዱ ነፃነት ይከበራል፤ እስከዚያ ድረስ ከግቢው የሚሰማው ከበሮ ነው። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የደረሰ መምህር ግን ከምዝገባው ጀምሮ ወላጆችን ያገኛል።

በጃንዋሪ ያልመጣ ተማሪ ሁሉ ትምህርት አቋርጧል ማለትም አይደለም። ብዙ የደጋ ቤተሰብ ለቡና ለቀማ ወደ ቆላማው ተዳፋት ይወርድና ዘግይቶ ይመለሳል። ስሙን ከመዝገብ አትሰርዙ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትምህርት በአንድ ወረቀት አዘጋጅታችሁ ጠብቁት። የገበያ ቀንንም ጠይቁ። በሳን ፍራንሲስኮ ኤል አልቶ ትልቁ ገበያ ዓርብ፣ በቺቺካስቴናንጎ ሐሙስና እሑድ ነው። በዚያ ቀን ፈተና ያወጣ መምህር ግማሽ ክፍል ይፈትናል።

ልጁ አፉን የፈታው በስፓኒሽ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም። አገሪቱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ትባላለች፣ መጽሐፉም ሰሌዳውም በስፓኒሽ ነው። ነገር ግን በሕግ የታወቁ 22 የማያ ቋንቋዎች አሉ፤ ከእነሱም በተጨማሪ ጋሪፉናና ሺንካ። የቶቶኒካፓን ገጠር ልጅ ቤቱ የሚናገረው ቂቼ ነው፣ ወደ ሳን ማርኮስና ዌዌቴናንጎ ሲኬድ ደግሞ ብዙው ማም ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ዝም ሲል ዓይን አፋር ወይም ሰነፍ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የተነገረው አልገባውም።

«ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። መምህርን አሳፍሮ «አልገባኝም» የሚል ልጅ የለም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሲ» ነው። ይልቅ ሥራውን መልሶ እንዲነግራችሁ፣ ወይም የመጀመሪያውን ጥያቄ አጠገባችሁ እንዲሠራ አድርጉ። መመሪያ ስትሰጡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ፦ ደብተር አውጣ። ጠብቁ። ቀኑን ጻፍ። ጠብቁ። ሦስቱን ባንድ ትንፋሽ ያዘዘ መምህር ሦስት ዓይነት ግራ መጋባት ያገኛል። በመጀመሪያው ወር ከአገሬው መምህራን አንዱን ጠይቃችሁ አሥር ያህል የቂቼ ቃላት ያዙ፤ «ማልትዮሽ» ብሎ ማመስገን ብቻውን ብዙ ፊት ይፈታል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከአሜሪካዊ ወይም ከአውሮፓዊ ባልደረባው ይሻላል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ቂቼ ውስጥ አሉ። ውሻ «ጺእ»፣ ወፍ «ጺኪን» ነው፤ ሌላው የውጭ ሰው የሚታገልበትን ድምፅ የእኛ ሰው ያለ ልምምድ ይለዋል። በስፓኒሽ በኩል ደግሞ የሚያሰናክለን ሌላ ነው። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ስላለው የእኛን ግዕዝና ሳድስ አያውቅም። ባቄላውን «ፍሪኾልስ» ብሎ መዋጥ የለም፣ «ፍሪኾሌስ» ነው፤ እያንዳንዱ አናባቢ ሙሉ ሆኖ ይሰማል።

የሒሳብ መምህር የሆነ ሰው የማያን ቁጥር አስቀድሞ ያጥና፤ የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አለ። ነጥብ 1፣ ሰረዝ 5፣ ዛጎል ዜሮ ነው፤ ቦታው ከታች ወደ ላይ በ20 እየተባዛ ይወጣል። 45 ለመጻፍ ላይኛው ደረጃ ላይ ሁለት ነጥብ (ሁለት ጊዜ 20)፣ ታችኛው ላይ አንድ ሰረዝ ይቀመጣል። የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀውን መምህሩ ካላወቀ ወሬው እስከ ማታ አይቆይም።

ሁሉን «ቱ» እያሉ መጥራት

ከመጽሐፍ የተማረ ሰው «አንተ» ለማለት «ቱ» ይላል። በጓቲማላ ደጋ ግን የዕለት ተዕለት መጠሪያው «ኡስቴድ» ነው፤ ለሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ለልጅም። ሕፃን ልጅን «እርስዎ» ማለት ለአማርኛ ጆሮ ቀልድ ይመስላል፣ እዚያ ግን ትሕትናም ፍቅርም ነው። የቅርብ ጓደኛሞች፣ በተለይ ወንዶች፣ «ቮስ» ይባባላሉ፤ ወንድ ለወንድ «ቱ» ሲል ለብዙዎች እንግዳ ይሆንባቸዋል። እስኪጋብዟችሁ «ቮስ» ውስጥ አትግቡ።

ለክፍል የሚያስፈልጉት ትእዛዛት ጥቂት ናቸው፤ በ«ኡስቴድ» ቅርጽ ሸምድዷቸው፦ ሲየንቴሴ ለተቀመጥ፣ ሳኬ ለአውጣ፣ አብራ ለክፈት፣ ኤስክሪባ ለጻፍ፣ ፓሴ ለና ወይም ለግባ። ልጆቹ ሴት መምህርን «ሴኞ»፣ ወንድን «ፕሮፌ» ይላሉ፤ ይህ ንቀት አይደለም፣ አታርሟቸው። ወላጆችን «ዶን» እና «ዶኛ» ብላችሁ የመጀመሪያ ስማቸውን ጨምሩ።

ፒላው ውስጥ እጅ መክተት

በእያንዳንዱ ግቢ ፒላ የሚባል የሲሚንቶ ማጠቢያ አለ። የተለመደው ሦስት ክፍል ነው፦ መሐሉ ንጹሕ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ገንዳ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ውሃ የሚያስወርዱ ማሻሻዎች። ቧንቧ በብዙ መንደር የሚመጣው ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሌሊት ስለሆነ መሐለኛው ገንዳ የቤተሰቡ የቀን ስንቅ ነው። እዚያ ውስጥ እጁን የታጠበ፣ ሳሙና የነካ ሳህን የነከረ ወይም ጥርሱን ቦርሾ ብሩሹን ያለቀለቀ እንግዳ ውሃውን ሁሉ አበላሽቷል። ማንም አይቆጣም። ዝም ብለው ይደፉታል፣ ያን ቀን ውሃ ከጎረቤት ይቀዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በገንዳው አፍ ላይ የተቀመጠውን የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ውሰዱ፣ እጃችሁ ውሃውን ሳይነካ ቅዱ፣ በጎኑ ማሻሻ ላይ አፍስሱ። ከሁለቱ ማሻሻዎች የትኛው ለዕቃ፣ የትኛው ለልብስ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ሳሙናችሁን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ፤ ይንሸራተታል። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባለው የዝናብ ወቅት ልብስ የሚታጠበው በማለዳ ነው፣ ምክንያቱም ዝናቡ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጂንስ ያጠበ ሰው ሰኞ በእርጥብ ሱሪ ያስተምራል።

የቧንቧ ውሃ መጠጣት፣ ሻወሩን መነካካት

የሚጠጣው ውሃ 19 ሊትር ገደማ ከሚይዘው ትልቅ ጀሪካን ነው። ካለቀ አፍሉ፤ ነገር ግን ኬትሳልቴናንጎ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ከ2000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፣ ቆላ እንደሚደረገው 1 ደቂቃ አይበቃም። ማገዶ ከሌለ ሽታ የሌለውን፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነውን በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል። ጥርስ መቦረሽም በዚሁ ውሃ ነው።

ሙቅ ውሃ የሚመጣው ከራሱ ከሻወሩ አናት ነው፤ ማሞቂያው እዚያው ውስጥ አለ። ቧንቧውን በሙሉ የከፈተ በረዶ ይታጠባል፣ ውሃው በቀጠነ ቁጥር ይሞቃል። የሙቀት ማዞሪያውን ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት አስተካክሉ፤ ውሃው እየወረደ አናቱን በእርጥብ እጅ መንካት ኮረንቲ መንካት ነው። የጎማ ጫማ አድርጉ። ሶፍት ደግሞ ወደ ቅርጫቱ እንጂ ወደ መጸዳጃው አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ነው።

ገበታ ላይ ዝም ብሎ መነሣት

በልቶ የጨረሰ ሰው ሲነሣ ለሁሉም «ሙቻስ ግራሲያስ» ይላል፣ የተቀሩት «ቡዌን ፕሮቬቾ» ብለው ይመልሳሉ። ምግቡን የሠራችው አንዷ ብትሆንም ምስጋናው ለገበታው ሁሉ ነው። ይህን ሳይል ሹልክ ያለ መምህር ተቆጥቶ የተነሣ ይመስላል። ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀርባል፤ አንዱን አውጥታችሁ ጨርቁን መልሱ፣ ይቀዘቅዛል። የተረፈውን አትጣሉ። በማያዎች ጥንታዊ ትረካ ሰው የተበጀው ከበቆሎ ሊጥ ነው፣ ዛሬም በቆሎ መሬት ወድቆ አይረገጥም። በእጅ መብላት ለእኛ ችግር አይደለም። የሚያስቸግረን ቡናው ነው፦ ጥሩው ፍሬ ወደ ውጭ ይላካል፣ ቤት የሚፈላው የቀጠነና ስኳር የበዛበት ነው። ፊታችሁን ሳታጨማድዱ ጠጡት፤ ስለ ጀበና ንግግር አታድርጉ።

ሕፃናትን ፎቶ ማንሳት

ልጅ አቅፎ ፎቶ ተነሥቶ ለደጋፊዎች መላክ የብዙ ወጣት ሚስዮናዊ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ነው፤ በደጋው ውስጥ ግን አደገኛ ነው። የውጭ ሰው ልጅ ይሰርቃል የሚል ፍርሃት በአገሪቱ ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በየዓመቱ ከ4000 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፣ በአሠራሩም ውስጥ ማጭበርበር ስለተገኘ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ጉዲፈቻ ቆመ። በ2000 ቶዶስ ሳንቶስ ኩቹማታን ገበያ ላይ በዚሁ ወሬ የተነሣ ሕዝብ አንድ ጃፓናዊ ጎብኚና የጎብኚዎቹን አውቶቡስ ሾፌር ገደለ። ኢትዮጵያም የውጭ ጉዲፈቻን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለከለከለች የዚህ ፍርሃት ምንጭ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ በርዕሰ መምህሯ በኩል የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ አታንሱ። ፈቃድ ቢኖርም የልጁን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም ባንድ ላይ አታውጡ። የሰሌዳ፣ የደብተር፣ የሥራ ፎቶ ለደጋፊ ይበቃል። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አትቀመጡ፣ ያለ ወላጅ በመኪና አትጫኑ።

ስለ ጦርነቱ መጠየቅ፣ ስለ እምነት መፍረድ

ከ1960 እስከ 1996 በቆየው ጦርነት ከ200000 በላይ ሰው እንደሞተ ወይም እንደጠፋ፣ ማንነታቸው ከተለየው ሰለባዎችም 83 በመቶው ማያ እንደሆኑ የእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ በ1999 አስታውቋል። በጣም አስከፊ በነበረው ጊዜ፣ በ1982 እና 1983፣ አገሪቱን የመራው ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት ወንጌላዊ አማኝ ነበር፤ እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን ይሰብክ ነበር። በቂቼ አውራጃ ያሉ ሽማግሌ የውጭ ሰባኪን በጥንቃቄ ቢያዩ ምክንያት አላቸው። «አባትህ ምን ሆኑ?» አትበሉ። የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ የሚል የቤት ሥራም አያት ያልተገኘበትን ልጅ ምን እንደሚያስጽፈው አስቡ።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት በሕገ መንግሥቱ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው፤ ሳይጠይቁ በጸሎት ክፍል መክፈት ከካቶሊክ ወላጆች ጋር ያጋጫል። ወንጌላውያን «ዲዮስ ሌ ቤንዲጋ» እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ለማታውቁት ሰው ግን «ቡዌኖስ ዲያስ» ይበቃል። የሱኒል ከተማ ሰዎች እንደ ቅዱስ ለሚያከብሩት ለሳን ሲሞን ምስል ሲጋራና መጠጥ ሲያቀርቡ አይታችሁ ልጆች ፊት አትሳቁ፤ ከልጆቹ የአንዱ አያት ጠባቂው ሊሆኑ ይችላሉ።

ስጦታ ለልጅ በእጅ መስጠት

ከረሜላና እስክሪብቶ ለሚሮጡ ልጆች ማደል ጉልበተኛውን ልጅ ነው የሚጠቅመው። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ አለ፣ የምገባውንም ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ የምትሰጡት ካለ ዝርዝሩን ለኮሚቴው አስረክቡ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ልጅ የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ በዩኒፎርምና በመጓጓዣ ወጪ ነው። ለአንድ ልጅ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ቃል መግባት የምትችሉት ገንዘቡ አሁን በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው።

ትልልቅ ብር ይዞ መሳፈር፣ ቀን አለመቁጠር

ካሚዮኔታ የሚባሉት የድሮ የአሜሪካ የተማሪ አውቶቡሶች ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ሦስት ይቀመጣል፣ ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳቱ ነው። 5 እና 10 ኬትሳል ያዙ፣ ለ100 መልስ የለም። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በአሜሪካ ፓስፖርት የገባ ሰው የሚሰጠው 90 ቀን ለጓቲማላ፣ ለኤል ሳልቫዶር፣ ለሆንዱራስና ለኒካራጓ በጋራ ነው፤ ሆንዱራስ ደርሶ መመለስ ቀኑን አያድስም። ማራዘሚያውን ከማለቁ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠይቁ።

እንደገና ከቀለማት መጀመር

እንግሊዝኛ ለማስተማር የመጣ ሁሉ ከቀይ፣ ከሰማያዊና ከእንስሳት ይጀምራል። ልጆቹ ቀለማቱን ካለፉት ሁለት ሦስት መምህራን ተምረዋል፤ ዝም ብለው ይደግሙላችኋል። በመጀመሪያው ቀን አሥር ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና ስጡ፣ ካለቀበት ቀጥሉ። ስትሄዱም በትምህርት ቤቱ የሚቀር ደብተር ላይ በስፓኒሽ ጻፉ፦ እያንዳንዱ ክፍል የትኛው ገጽ ደረሰ፣ የትኛው መልመጃ አልሠራም፣ ሰሌዳ ለማየት ፊት የሚቀመጡት እነማን ናቸው፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው። ደብተሩን ለርዕሰ መምህሯ በእጅ ስጡ፤ ክፍል ውስጥ የቀረ ደብተር በዕረፍቱ ጊዜ ይጠፋል።