«አበላሃት?» ብሎ መጨቅጨቅን የምታስቀር ብልቃጥ

ልጅ ጥንቸል ወይም ዓሣ ማሳደግ ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ «አበላሃት?» «አዎ አልኩ እኮ!» የሚባል ንትርክ ይመጣል። ይባስ ብሎ አንዱ ያበላውን ሌላው ይደግመዋል። ለዓሣ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው፤ የተረፈው ምግብ በስብሶ ውሃውን ይበክለዋል።

እንዲህ አድርጉ። ማታ ልጁ ራሱ የነገውን ምግብ ለክቶ ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ ይጨምር። ብልቃጧን ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ያስቀምጣት። ጠዋት ጥርሱን ሊቦርሽ ሲገባ ያያታል፣ ይዟት ይሄዳል፣ ባዶዋን ይመልሳታል። በቃ። ባዶ ከሆነች ጥንቸሏ በልታለች፤ ሙሉ ከሆነች አልበላችም።

የሚሠራው አዲሱ ልማድ ከነባሩ ጋር ስለሚታሰር ነው። መለካቱን ግን አደራ ለልጁ ተዉለት። አብዝቶ ዘግኖ ትርፉን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ ሲመልስ ታዩታላችሁ። «ይቺ የኔ ኃላፊነት ናት» የሚለው ስሜት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ውሃና ደረቅ ሣር በብልቃጥ አይሆንም። ጥንቸል ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሊኖሯት ይገባል፤ እናንተም በዓይናችሁ እዩ። ብልቃጧን ሙሉ ካገኛችኋት ደግሞ «ይማርበት» ብላችሁ እንስሳዋን አታስርቡ። ጥንቸል ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላች ሆዷ ሥራ ሊያቆም ይችላል፤ ለሕይወቷ ያሰጋል። ልጁን ጥሩትና አብራችሁ አብሏት።