በሞቱብን ሰዎች ስም ከቤተሰብ ጋር ስንሮጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች (ለሐዋሳ ልጆች)

ሐዋሳ ላይ ሩጫ ሲኖር የአባቱን ወይ የእህቱን ፎቶ ቲሸርት ላይ አሳትሞ ከነቤተሰቡ ሚወጣ ሰው ታያላችሁ፣ እኛም ቤት ለአባቴ ብለን እንሮጣለን። ደስ ሚል ነገር ነው፣ ግን ሳይመካከሩ እየተገባበት ሩጫው ለእናት ሌላ ሀዘን ለወንድማማቾች ደግሞ የገንዘብ ጭቅጭቅ ሲሆን አይቻለሁ፣ ስለዚ ዘንድሮ ለምትሮጡ በጣም ሚጎዱትን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ቲሸርቱን አሳትሞ ከዛ ቤተሰብ መጠየቅ ነው። ሀሳቡ ብዙ ጊዜ ሚመጣው ከወጣቶቹ ነው፣ ሀዘኑ ግን በጣም ከብዶ ያለው እናትየዋ ወይ ባለቤቱ ላይ ነው። ገና ጥቁር ያላወለቀች እናት ሳታስበው የልጇን ፎቶ ሃያ ሰው ደረት ላይ ስታየው ምን እንደምትሆን አስቡት። ስለዚ ቅድሚያ እሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ፎቶ ይሁን ስም ብቻ ይሁን እሷ ትወስን፣ አይሆንም ካለችም አይሆንም ነው። በዛ ላይ እዚህ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አለ፣ አንዱ ተዝካር ይውጣ ሲል ሌላው አይቀበልም፣ ሩጫውን የተዝካር ምትክ ነው ብላችሁ ካቀረባችሁት ጠቡ ከዛው ይጀምራል። "በስሙ የታመመ ሰው እንርዳ" ስትሉ ግን ሁሉም ይስማማል። የሙት ዓመቱ ቀን ላይም አትደርቡት፣ ያን ቀን ጸሎት አለ፣ እንግዳ አለ፣ እሁድ ከሆነ ቅዳሴም አለ። እናትየዋ መሮጥ ካልፈለገች ደግሞ አታስገድዷት፣ መንገድ ዳር ቆማ ውሃ ማቀበልም መሳተፍ ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ብዙ ሰው ለመመዝገቢያ የከፈለው ብር በሙሉ ለእርዳታ ይሄዳል ብሎ ያስባል፣ ሁልጊዜ እንደዛ አይደለም፣ ቲሸርቱም ውሃውም ማዘጋጃውም ወጪ አለው። አዘጋጁን ከዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ለእርዳታ ሚውለው ብላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዛ ውጪ ራሳችሁ ከዘመድ ከጓደኛ ምታሰባስቡት ካለ አንድ ሰው የግል አካውንት ላይ አይግባ፣ ሰውየው ታማኝ ስላልሆነ አይደለም፣ ታማኝ ሰውም ሲታማ ስለሚሰበር ነው። በሁለት ሰው ፊርማ ሚወጣ አካውንት ክፈቱ፣ ከተቻለ ደግሞ ለጋሹ ቀጥታ ወደ ድርጅቱ አካውንት ያስገባና ደረሰኙን ለናንተ ይላክ። ድርጅቱንም አጣሩት፣ በአዋጅ 1113/2011 መሰረት የተመዘገበ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት የምዝገባ ሰርተፍኬት አለው፣ ለአስተዳደር ወጪ ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማዋልም አይፈቀድለትም። ከተቻለ ድርጅቱ ሰውየው ከታመመው ጋር ሚገናኝ ይሁን፣ በኩላሊት ለሞተ የኩላሊት እጥበት ሚያግዝ፣ በልብ ለሞተ ልጅ የልብ ህሙማን ህጻናትን ሚረዳ። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን ታውቁት ይሆናል፣ በደም ካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት ነው፣ ከዛ ቤት የወጣው ሀዘን ስንት ሰው ጋር እንደደረሰ ሳስብ እኔ በጣም ነው ሚያበረታኝ።

ቲሸርቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ወፍራም ጥጥ ላይ ደረትን ሙሉ ሚሸፍን ፎቶ አታሳትሙ፣ ህትመቱ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ አየር አያሳልፍም። ትንሽ አድርጋችሁ በግራ ደረት በኩል ወይ ከጀርባ አድርጉት።

ልምምድ ሳያደርጉ "ለሱ ብዬ እጨርሰዋለሁ" ማለት ደግሞ አደገኛው ነው። ፍቅር ጉልበት አይሆንም። ግማሽ ማራቶን ማለት እኮ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ነው፣ ሮጦ ማያውቅ አጎት በሦስት ሳምንት ለዛ አይደርስም፣ አጭሩን ሩጫ ይመዝገብና ትንሽ እየሮጠ ትንሽ እየተራመደ ይጨርስ። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይ ልብ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ፣ ወባ ይዞት ገና የተነሳ ሰውም ለዛ ጊዜ ይቅርበት፣ ሲሮጥ ደረቱን ካመመው ወይ ካዞረው ደግሞ በቃ ያቁም። ከአዲስ አበባ ሚመጡ ዘመዶች ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከተማ ወደ 1,700 ሜትር ስለሚወርዱ ይቀለናል ይላሉ፣ ትንፋሹ ይቀላል እውነት ነው ግን የሐዋሳ ፀሐይ ሌላ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ያልለመደውን ሰው ያደክመዋል። ልምምድ ሐይቅ ዳር ምታደርጉም ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ብቻችሁን ሳሩ ውስጥ አትግቡ፣ ጉማሬ ለግጦሽ ሚወጣው በዛ ሰዓት ነው፣ ማታ ደግሞ ትንኙም አለ።

የዕለቱ ስህተቶች ትንንሽ ናቸው ግን ቀኑን ያበላሻሉ። ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ መንገዱን ዘግቶ መሮጥ፣ ከኋላ ሚመጣው ይጋጫችኋል፣ ሁለት ሁለት ሁኑ። ሙዚቃው ሲሞቅ በፍጥነት መነሳት ደግሞ ሌላው ነው፣ ቤተሰብ ከሆናችሁ ፍጥነቱ በጣም ቀስ በሚለው ሰው ይሁን፣ ጎበዞቹ ሌላ ቀን ይሩጡ። ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ባገኛችሁት ጣቢያ ሁሉ ጠርሙስ አትጨርሱ፣ ከመጠን በላይ ውሃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ሚሮጥ ሰው የደሙ ጨው ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ልጆችን ለልጆች ውድድር አስመዝግቡ፣ ደረታቸው ላይ ሚለጠፈው የሩጫ ቁጥር ወረቀት ጀርባ ላይ የወላጅ ስልክ ጻፉ። እና "ፊኒሽ ጋ እንገናኝ" አትበሉ፣ እዛ ሁሉም ሰው ነው ያለው ኔትወርኩም ይጨናነቃል፣ አንድ ሁሉም ሚያውቀው በር ወይ ሱቅ ቀድማችሁ ተስማሙ።

አሁን ማንም ማይናገረው ስህተት፣ መጨረሻ ላይ ለቅሶ ይመጣል ብሎ አለማሰብ። ሰውነት ሲደክም ሀዘን መያዣ ያጣል፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰ ወንድም መስመሩን ሲያልፍ ሲያለቅስ ታያላችሁ። ተው በርታ አትበሉት፣ ይልቀስ፣ ግን ትንፋሽ አጥቶ እያለቀሰ ሊያዞረው ስለሚችል ያልሮጠ ዘመድ አንድ ሁለት ሰው እዛ ይጠብቀው፣ ይደግፈው፣ ጥላ ስር ያስቀምጠው። ስልክ አውጥታችሁ እያለቀሰ አትቅረጹት፣ ሳይጠየቅ ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ ጭራሽ አይታሰብ። ልጆችም ያዩታል፣ ለምን እንደሚያለቅስ ማታውኑ ንገሯቸው፣ አያታችሁ እንዲህ አይነት ሰው ነበሩ ብላችሁ ስለሳቸው አውሯቸው፣ ብዙ ልጅ እኮ ሚሮጥለትን ሰው ከፎቶ በቀር አያውቀውም።

የመጨረሻው፣ ሩጫው ካለቀ በኋላ ዝም ማለት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት እንደተሰበሰበ፣ ስንት እንደወጣ፣ የት እንደገባ ከነደረሰኙ ፎቶ መቶ ብር ለሰጠውም አስር ሺህ ለሰጠውም እኩል ላኩ፣ የዕድሩ ሰዎች ካዋጡ ደግሞ ወረቀቱን ስብሰባቸው ላይ ይዛችሁ ሄዳችሁ አንብቡላቸው።