የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ፦ ደም ከመስጠትዎ በፊትና ውጤቱን ከተቀበሉ በኋላ

የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ፣ የሽንት ቱቦውን ዙሪያውን ያቀፈ፣ በወንዶች ብቻ ያለ ትንሽ ዕጢ ነው። በዚህ ዕጢ ላይ የሚነሣ ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም እስኪያስቸግረው ድረስ የቆየ ታማሚ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በሽታው ወደ አጥንት ተዛምቶ ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ የሽንት መቆራረጥና ሌሊት ደጋግሞ መነሣት በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ከሚመጣ፣ ካንሰር ካልሆነ የዕጢው ማደግ የሚመነጩ ናቸው። ስለዚህ ሽንቴ ደኅና ነው ብሎ መዘናጋትም፣ ሽንት ስላስቸገረ ብቻ ካንሰር ነው ብሎ መደናገጥም አይገባም።

ምልክት የሌለው ሰው መቼ ይጀምር ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ተጋላጭነቱ ይለያያል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለዓመታት ሲመክር የቆየው አብዛኞቹ ወንዶች በ50 ዓመታቸው፣ ጥቁር ወንዶችና አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከ65 ዓመት በፊት በዚህ በሽታ የተያዘባቸው ደግሞ በ45 ዓመታቸው ከሐኪም ጋር እንዲመካከሩ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን የ45 ዓመት ምክር ለራሱ እንደተሰጠ ሊቆጥረው ይገባል። ከቀጠሮው በፊት የቤተሰብዎን ታሪክ ይጠይቁ። በብዙ ቤት የአያት ወይም የአጎት ሞት «ሽንት ተዘግቶበት ነው» ተብሎ ብቻ ስለሚታለፍ፣ ነገሩን የሚያውቁ ታላላቆችን በትዕግሥት ማነጋገር ያስፈልጋል። በእናት ወገን የጡት ወይም የማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በዘር የሚተላለፈው ተጋላጭነት አንዳንዴ የጋራ ነውና።

ዋናው የልየታ ምርመራ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ሲሆን፣ የሚለካውም ዕጢው የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ጤነኛ ዕጢም ስለሚያመነጨው፣ የቁጥሩ ከፍ ማለት ብቻውን ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቁጥሩን የሚያሳስቱ ነገሮችም ብዙ ናቸው። መጾም አያስፈልግም፤ ሆኖም ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ረጅም ሰዓት ብስክሌት ከመንዳት መቆጠብ ይገባል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞዎት ከነበረ ሕክምናውን ጨርሰው ስድስት ሳምንት ያህል ይቆዩ። በቅርቡ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቶልዎት ከነበረም ይናገሩ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው መድኃኒት ነው፦ ለፕሮስቴት ማደግ ወይም ለፀጉር መርገፍ የሚታዘዘው ፊናስቴራይድ ለወራት ሲወሰድ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚቀንሰው፣ ሐኪሙ ካላወቀ አሳሳቢው ውጤት መደበኛ መስሎ ያልፋል።

ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣት መመርመር ሊፈልግ ይችላል። በግራ ጎንዎ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ይሰበስባሉ፤ ሐኪሙም ጓንት ባጠለቀና ቅባት በተቀባ ጣቱ የዕጢውን ጀርባ ዳብሶ ጠንካራ ወይም ጎርበጥ ያለ ስፍራ መኖሩን ያያል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብዙዎች ከምርመራው የሚሸሹት በዚህ ምክንያት መሆኑ ያሳዝናል፤ የማይፈልጉ ከሆነ የደሙን ምርመራ ብቻ ማድረግ ይቻላልና።

ለፒ.ኤስ.ኤ. ለረጅም ጊዜ እንደ ድንበር የተያዘው ቁጥር በሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ቁጥራቸው ከ4 እስከ 10 ከሆነ ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራት አንዱ ያህል ሲሆኑ፣ ከ10 በላይ ሲሆን ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። ከ4 በታች መሆንም ፍጹም ዋስትና አይደለም። እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ካለ የመጀመሪያው እርምጃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ፣ መድገም ነው። አሁንም ከፍ ካለ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት) ሐኪም ኤም.አር.አይ. የሚባለውን፣ በመግነጢስ ኃይል የዕጢውን ምስል የሚያነሣ ምርመራ ያዝዛል፤ መሣሪያው በሌለበት ወይም የተገኘው ምስል አጠራጣሪ ሲሆን በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ሲወሰድ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል፣ እንዲሁም ደም ስለሚኖር፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ካንሰር ቢገኝም ወዲያው ሕክምና የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። የግሊሰን ነጥቡ (የካንሰር ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሚመስሉ የሚያሳየው ቁጥር) 6 የሆነ፣ በዕጢው ውስጥ ብቻ ያለ ካንሰር እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቅርብ ክትትል ነው። በእንግሊዝ በ1,643 ወንዶች ላይ የተካሄደውና በ2023 የወጣው ጥናት፣ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ በበሽታው የሞቱት 3 ከመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ክትትል በተመደበላቸው መካከልም በዚህ ረገድ የጎላ ልዩነት አለመኖሩን አሳይቷል። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ሽንት አለመቆጣጠርንና የወሲብ አቅም መድከምን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ውጤቱ ቢከፋ ምን እንደሚመርጡ ደም ከመስጠትዎ በፊት ከሐኪምና ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። ዕድሜያቸው 70 ለሞላ፣ ምልክት ለሌላቸው ወንዶች የልየታ ምርመራው ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያመዝን እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

እያንዳንዱን የላቦራቶሪ ወረቀት ከነቀኑ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ሐኪም ወይም አገር ቢቀይሩ፣ አዲሱ ሐኪም ቁጥሩ በምን ፍጥነት እንደጨመረ ሊያይ የሚችለው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።